ክሮቼራ፦ አንዲት መስቀል ብረት፣ አንዲት ውብ መኪናና ታሪክ የረሳቸው እጆች

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ንጉሥም ስለ ጦርነትም አልጽፍም። መዳፍ ላይ ስለምትያዝ አንዲት ብረት ነው የምጽፈው። ቅርጿ የመስቀል ነው፤ አራት አጫጭር ክንዶች አሏት። ጋራዥ የዋለ ሰው ያውቃታል፤ ክሮቼራ ይሏታል። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ እዚያም ሥሩ መስቀል ነው። ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ጎማ፣ ዳዶ፣ ቡሎን እንደምንለው ሁሉ ይህም ቃል በመጽሐፍ አልመጣልንም። ዘይት በነካው እጅ በኩል ነው የገባው።

የታሪክ መምህር ስለ ብረት ምን አገባው የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገባኛል። ክፍል ውስጥ ስለ ፈጠራ ስናስተምር ሁሌም የምንለው «እከሌ በዚህ ዓመት ይህን ፈጠረ» ነው። ተማሪው ስምና ዓመት ያጠናል፣ ይፈተናል፣ ያልፋል። ግን አንድ ማሽን ከተፈጠረ በኋላ ስድሳ ዓመት ሲሠራ ያኖረው ማን ነው? ይህን ፈተና ላይ ጠይቀን አናውቅም። እኔ ዛሬ ልጠይቅ።

ለመልሱ አንድ የታወቀ መኪና ልውሰድ፦ ጃጓር ኢ-ታይፕ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ኢ-ታይፕ በመጋቢት 1961 በጄኔቫ የመኪና ትርኢት ላይ ለዓለም ታየ። የተሠራው እንግሊዝ አገር፣ ኮቨንትሪ ከተማ ነው። ሰው መኪናውን ለማየትና ለመሞከር እየተጋፋ ስላስቸገረ የፋብሪካው የሙከራ ሹፌር ኖርማን ዴዊስ ሌላ ኢ-ታይፕ ከኮቨንትሪ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ ጄኔቫ እንዲያደርስ ተላከ፤ አደረሰም። ቅርጹን ያወጣው ማልኮም ሴየር ቀድሞ የአውሮፕላን መሐንዲስ የነበረ ሰው ነው፤ መኪናውም እንደ ዓሣ ሾጠጥ ያለ ነው። ሞተሩ 3.8 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር። ፋብሪካው በሰዓት 150 ማይል ይሄዳል ብሎ አስነገረ፤ ወደ 240 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ዋጋው ደግሞ ከእሱ ጋር ከሚወዳደሩት ከአስተን ማርቲንና ከፌራሪ በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር። ማምረቱ በ1970ዎቹ አጋማሽ እስኪቆም ድረስ ከ72,000 በላይ ተሠርቷል።

እስኪ አሁን ከመኪናው ሥር ግቡ። ታሪኩ ያለው እዚያ ነው።

የኢ-ታይፕ የኋላ እግር የተሠራው ቦብ ናይት በሚባል መሐንዲስ መሪነት ነው። እንደሚባለው የጃጓር ባለቤት ሰር ዊልያም ላየንስ «በአንድ ወር ሠርተህ አትጨርስም» ብለው በአምስት ፓውንድ ተወራረዱት፤ እሱም አሸነፋቸው። በዚያ ዘመን አብዛኛው መኪና የኋላ እግሩ አንድ ወጥ ድፍን ብረት ነበር፤ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ሌላኛውም አብሮ ይናወጣል። ናይት ሁለቱን ጎማዎች ለየራሳቸው እንዲንቀሳቀሱ አደረገ። ዲፈረንሻሉ መሃል ላይ ይቀመጣል፤ ከእሱ ግራና ቀኝ ሁለት አጫጭር ዘንጎች ወደ ጎማ ይወጣሉ። ጋራዥ ውስጥ ሴሚያስ የሚሏቸው ናቸው።

ብልሃቱ እዚህ ጋ ነው። የሌላ መኪና ጎማ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ የሚይዘው ክንድ ይኖረዋል። ናይት የታችኛውን ብቻ አስቀመጠና የላይኛውን ተወው። በላይኛው ክንድ ምትክ ሴሚያሱ ራሱ ጎማውን እንዲይዝ አደረገ። ስለዚህ ያ ዘንግ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ አለበት፤ የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ ያስተላልፋል፣ ጎማውንም ቀጥ አድርጎ ያቆማል። በእያንዳንዱ ሴሚያስ ጫፍና ጫፍ ላይ ደግሞ ያቺ መስቀል ብረት አለች፤ ክሮቼራ። በሁለቱ ሴሚያሶች አራት፣ ከካምቢዮ ወደ ኋላ በሚሄደው ረጅም ዘንግ ላይ ሁለት፣ በድምሩ ስድስት። የመሪው ዘንግም ቢሆን ከመሪው እስከ ታች ድረስ ቀጥ ብሎ መውረድ ስለማይችል በዚያው ዓይነት መጋጠሚያ እየታጠፈ ነው የሚወርደው።

ተራ መኪና ላይ ክሮቼራ ቢሰበር መኪናው ይቆማል፤ ትናደዳለህ፣ ታስጎትታለህ። ኢ-ታይፕ ላይ ግን ብትላሽቅ ጎማው ራሱ ዘመም ይላል፤ በፍጥነት ላይ ብትሰበር ደግሞ ጎማውን ከላይ የሚይዘው ነገር የለም። የዚህ ሁሉ ውበትና ፍጥነት ሕይወት የተንጠለጠለው ሁለት ሦስት ጣት በምታህል መስቀል ላይ ነው ማለት ነው።

ለመሆኑ ይህችን መስቀል ማን ፈጠራት?

ፈረንሳዮችም ጀርመኖችም ካርዳን ይሏታል፤ በጣሊያናዊው ጂሮላሞ ካርዳኖ ስም። ካርዳኖ ከ1501 እስከ 1576 የኖረ የሚላን ሰው ነው፤ ሐኪም ነው፣ የሒሳብ ሊቅ ነው፣ ቁማርተኛም ነበር። በ1550 ባሳተመው መጽሐፉ አንዱ በሌላው ውስጥ እየዞሩ መሃላቸው የተንጠለጠለውን ነገር ሳይደፉ ስለሚይዙ ቀለበቶች ጻፈ። ግን እኔ ፈጠርኩት አላለም። ነገሩ ከእሱ በጣም ይቀድማላ! ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በነበረው በባይዛንቲየሙ ፊሎ ስም በሚታወቅ ጽሑፍ ውስጥ በየትኛውም ጎኑ ቢያዞሩት ቀለም የማይደፋ የቀለም ዕቃ አለ። ቻይና ውስጥ በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የተሠሩ፣ ቢንከባለሉም ፍሙና ዕጣኑ የማይደፋ የብር ማጠኛ ኳሶች እስከ ዛሬ አሉ። የመጀመሪያውን የቀጠቀጠው አንጥረኛ ማን ነበር? ስሙ አልተጻፈም። ስሙ የቀረው የጻፈው ሰው ነው።

እንግሊዞች ደግሞ የሁክ መጋጠሚያ ይሏታል። ሮበርት ሁክን የባዮሎጂ ተማሪዎች ታውቁታላችሁ፤ ሴል የሚለውን ቃል የሰጠን ሰው ነው። ሁክ በ1676 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን መጋጠሚያ ፀሐይን ለመመልከት ለሚያገለግል መሣሪያ ተጠቀመበት። ከእሱ በፊት፣ በ1664፣ ጋስፓር ሾት የሚባል ጀርመናዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ስለዚሁ መጋጠሚያ ጽፎ አንድ ነገር ተሳስቶ ነበር፤ አንዱ ዘንግ በእኩል ፍጥነት ሲዞር ሌላውም በእኩል ፍጥነት ይዞራል ብሎ አሰበ። ሁክ ግን እንደዚያ እንዳልሆነ ደረሰበት።

ይህቺን ነጥብ ትንሽ ላስረዳ፤ ሒሳብ የምትጠሉም አትሽሹ። ሁለት ዘንጎች በክሮቼራ ተያይዘው ቀጥ ካሉ ችግር የለም፤ እኩል ይዞራሉ። በ30 ዲግሪ ከታጠፉ ግን ሞተር በኩል ያለው ዘንግ በደቂቃ 1,000 ዙር እኩል እየዞረ፣ ጎማ በኩል ያለው አንዴ ወደ 866 ይወርዳል፣ አንዴ ወደ 1,155 ይወጣል፤ ይህ መዋዠቅ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይደጋገማል። በድምሩ ሲታይ እኩል ዙር ይዞራሉ፤ በመሃል ግን አንዱ እየቸኮለ፣ እየዘገየ፣ እየቸኮለ ነው የሚሄደው። መኪና ላይ ይህ ንዝረት ነው፤ ንዝረት ደግሞ ብረት ይበላል።

መድኃኒቱንም ያመጣው ሁክ ነው፤ በ1683። አንድ መጋጠሚያ ያጠፋውን ሁለተኛው እንዲያርመው፣ በመሃል ዘንግ ጫፍና ጫፍ ሁለት መጋጠሚያ አድርግ። የመጀመሪያው ሲያስቸኩል ሁለተኛው ያዘገያል፤ መውጫው ላይ እኩል ፍጥነት ታገኛለህ። ቅድመ ሁኔታው የሁለቱ መጋጠሚያዎች አቀማመጥ መጣጣሙና የመታጠፊያ ማዕዘናቸው መመሳሰሉ ነው። ኢ-ታይፕ በእያንዳንዱ ሴሚያስ ላይ ሁለት ክሮቼራ ያለው ለዚህም ነው። የ1961ዱ የቦብ ናይት መኪና የሚሄደው ከእሱ 278 ዓመት ቀድሞ ወረቀት ላይ በሰፈረ ሐሳብ ነው።

ከሁክ በኋላ ይህች መስቀል መኪና ውስጥ እስክትገባ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ጠበቀች። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ብዙዎቹ ጎማቸውን የሚያዞሩት እንደ ብስክሌት በሰንሰለት ነበር። ሰንሰለቱ ይንጫጫል፣ አቧራና ጭቃ ይበላዋል፣ ይበጠሳል። ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ በ1898 በሠራት ትንሽ መኪና ላይ ሰንሰለቱን ትቶ ጉልበቱን በዘንግ ወደ ኋላ ላከ። አሜሪካዊው ክላረንስ ስፓይሰር ደግሞ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በዚህ ሐሳብ ላይ ሲሠራ ቆይቶ በ1903 የፈጠራ መብት አገኘ፤ በ1904 ኒው ጀርሲ ውስጥ ማምረት ጀመረ። እንግሊዝ አገር ይህን ዓይነት መጋጠሚያ የሚያመርተው ድርጅት ሃርዲ ስፓይሰር ይባል ነበር። የኢ-ታይፕ ክሮቼራዎችም የሃርዲ ስፓይሰር ናቸው።

እስካሁን ስም ያላቸውን ሰዎች ነው ያወራሁት፤ ካርዳኖ፣ ሁክ፣ ሬኖ፣ ስፓይሰር፣ ናይት። የመማሪያ መጽሐፍ ቢሆን እዚህ ላይ «መልመጃ» ብሎ ምዕራፉን ይዘጋ ነበር። የመኪናው ኑሮ ግን ገና መጀመሩ ነው።

ክሮቼራ ለምን ታረጃለች? እያንዳንዱ የመስቀሉ ክንድ ጫፍ ትንሽ የብረት ኩባያ ውስጥ ይገባል፤ በኩባያውና በክንዱ መካከል እንደ መርፌ የቀጠኑ ሮለሮች ተደርድረዋል። ኩሽኔታ ነው፣ ግን በኳስ ፋንታ መርፌ ያለው። ችግሩ እነዚህ መርፌዎች ሙሉ ዙር አይዞሩም። ዘንጉ ሲዞር እነሱ በትንሽ ማዕዘን ወዲያና ወዲህ ብቻ ይላሉ። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚጫኑት ያንኑ ቦታ ነው። ግሪስ ካለ ይንሸራተታሉ፤ ግሪስ ከደረቀ ወይም ውኃ ከገባ ግን ቀስ በቀስ ክንዱ ላይ ቦይ ይቆፍራሉ። ያረጀች ክሮቼራ ፈታችሁ ክንዷን በጣት ብትዳስሱ ጎን ለጎን የተሰመሩ ጭረቶች ጥፍራችሁን ይይዙታል።

ከመፈታቷ በፊት ግን ትናገራለች። ማርሽ አስገብታችሁ ፍሪሲዮን ስትለቁ ከኋላ «ቋ!» የሚል ድምፅ። ነዳጅ ረግጣችሁ ስትለቁ እንደገና «ቋ!»። በኩባያዎቹ ዙሪያ እንደ በርበሬ ቀላ ያለ የዝገት ዱቄት። ዘንጉን በእጅ ይዛችሁ ወዲያ ወዲህ ስታሹት የሚሰማ ክፍተት። ጎበዝ መካኒክ መኪናው ቆሞ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ይነቀንቃል፤ ክፍተቱ ከጎማው ኩሽኔታ ነው ወይስ ከክሮቼራ የሚለውን በእጁ ይለያል። ይህ መጽሐፍ ላይ በአንድ መስመር ይጻፋል፤ እጅ ላይ ለመግባት ግን ዓመታት ይፈጃል።

ጥገናውም ትዕግሥት ነው። መጀመሪያ ከመፍታት በፊት ምልክት ማድረግ፤ የትኛው ጎን ከየትኛው ጋር እንደነበረ። ረጅሙን ዘንግ ለያይቶ በዘፈቀደ የገጠመ ሰው የሁክን ሁለተኛ መጋጠሚያ ጥቅም አጠፋው ማለት ነው፤ ሁለቱ መተራረማቸው ቀርቶ ንዝረቱን ይደምሩታል። ከዚያ መቆለፊያ ቀለበቶቹ ይወጣሉ፤ ዘንጉ ሞርሳ ላይ ይያዝና አንዱ ኩባያ ሲገፋ ሌላኛው በዚያ ማዶ ይወጣል። አዲሷ ስትገባ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ከመርፌዎቹ አንዷ ከቦታዋ ወድቃ ኩባያው ታች ከተጋደመች ኩባያው እስከ ቦታው አይገባም። ልምድ የሌለው ሰው «ጠበቀብኝ» ብሎ መዶሻ ያነሳል፤ ይሰብረዋል። የሚያውቀው ሰው ያቆማል፣ ያወጣል፣ መርፌዎቹን በግሪስ አጣብቆ እንደገና ይደረድራል። ሲጨርስ መጋጠሚያዋ በሁለቱም አቅጣጫ ሳትጠብቅም ሳትላላም መታጠፍ አለባት።

ኢ-ታይፕ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በሴሚያሱና በፍሬን ዲስኩ መካከል ቀጫጭን የብረት ንጣፎች ይገባሉ። (የኋላ ፍሬኑ ጎማው ጋ ሳይሆን መሃል፣ ዲፈረንሻሉ አጠገብ ነው።) እነዚያ ንጣፎች ለጌጥ አይደሉም። ሴሚያሱ የላይኛው ክንድ ነው ብያችኋለሁ አይደል? ስለዚህ የንጣፉ ውፍረት የጎማውን ዝማሜ ይወስናል። «ምን ያደርጋል» ብሎ አንዷን ጠረጴዛ ላይ የረሳት ሰው መኪናዋን አንካሳ አድርጎ ይመልሳታል።

ወደ ፊት፣ ወደ መሪው ልሂድ። እዚህም ያው የስም ታሪክ ይጠብቀናል። መኪና ሲታጠፍ በውስጥ በኩል ያለው የፊት ጎማ ከውጪኛው የበለጠ መታጠፍ አለበት፤ ጠባቡን ክብ የሚዞረው እሱ ነውና። ይህ ሥርዓት በዓለም ሁሉ አከርማን ይባላል። ሩዶልፍ አከርማን ግን ለንደን ውስጥ መጽሐፍና ሥዕል የሚያሳትም ነጋዴ ነበር። ሐሳቡ የጌኦርግ ላንከንሽፐርገር ነው፤ የሙኒክ የሠረገላ ሠሪ። አከርማን ወኪሉ ሆኖ በ1818 ለንደን ላይ መብቱን አስመዘገበ፤ ስሙም የእሱ ሆኖ ቀረ። ሠረገላውን በእጁ የሠራውን ሰው ዛሬ ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

የኢ-ታይፕ መሪ ጥርሳም ዘንግና ትንሽ ጥርስ ነው፤ መሪውን ስታዞሩ ትንሹ ጥርስ ይዞራል፣ ጥርሳሙ ዘንግ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ጫፎቹ ላይ ባሉ ክንዶች ጎማዎቹን ይገፋል። ጃጓር ይህን ከውድድር መኪኖቹ ነው ያመጣው፤ በ1951 ለማን ላይ ያሸነፈው ሲ-ታይፕ ላይ ነበር። ቀላል ነው፣ መንገዱን በእጅ ያሰማል። ሲያረጅ ግን አስቸጋሪ ጠባይ አለው።

የትኛው ጥርስ ነው ቀድሞ የሚያልቀው? የመሃሉ። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነዳው ቀጥ ብሎ ነውና ሁልጊዜ የሚፋተጉት መሃል ላይ ያሉት ጥርሶች ናቸው፤ ዳር ዳር ያሉት የሚነኩት መኪና ሲያቆሙ ወይም ሙሉ ሲታጠፉ ነው። ስለዚህ ያረጀ መሪ ቀጥ ሲል ይላላል። «እስኪ ጠበቅ ላድርገው» ብላችሁ መሃሉ ክፍተት እስኪያጣ ካስተካከላችሁት፣ ዳር ሲደርስ፣ ጥርሱ ገና አዲስ የሆነበት ቦታ ላይ፣ ይነክሳል። ሙሉ ታጥፎ የማይመለስ መሪ ደግሞ ከላላው ይብሳል። ባለሙያው ይህን ስለሚያውቅ አንድ ወሰን ላይ ሲደርስ ማጥበቁን ትቶ «ይህ ዘንግ አብቅቷል፣ ይቀየር» ይላል። መቼ እንደሚጠገን ማወቅ አንድ ዕውቀት ነው፤ መቼ እንደማይጠገን ማወቅ ሌላ ነው።

በክንዶቹ ጫፍ ያሉት ኳስ መጋጠሚያዎችም እንዲሁ ናቸው። ላስቲካቸው ተቀዶ አሸዋ ከገባ ኳሱ ይበላል፣ ጎማው የራሱን መንገድ መፈለግ ይጀምራል። ሲቀየሩ አሮጌው በስንት ዙር እንደወጣ ይቆጠራል፤ አዲሱ በዚያው ዙር ይገባል፤ ጎማዎቹ የቀድሞ አቅጣጫቸውን እንዲቀርቡ። ከዚያ በኋላ ይለካል። መሪውን የሚያቅፉት ጎማ መሰል ማሰሪያዎች ደግሞ የሞተር ዘይት እየተንጠባጠበባቸው ይለሰልሳሉ፤ መሪ ሲዞር መጀመሪያ ዘንጉ ራሱ ከቦታው ይሸሻል። ዕቃውን ሁሉ አዲስ አድርጎ እነዚህን የረሳ ሰው «ለምን አልጠበቀም?» እያለ ይቸገራል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው መካኒክ ላደርጋችሁ አይደለም። አንድ ነገር እንድታዩልኝ ነው። ይህ መኪና ሲሠራ እንደሚያረጅ ታምኖ ነው የተሠራው። ክሮቼራዋ ትፈታለች፣ ግሪስ የሚገባበት ቀዳዳ ተትቶላታል፣ ንጣፉ ይጨመራል ይቀነሳል። የባለቤቱ መመሪያ መጽሐፍ በየተወሰነ ማይሉ ግሪስ አድርጉ ይላል። መሐንዲሱ ለማያውቀው ሰው ቦታ ትቶለታል፤ ገና ላልተወለደ መካኒክ።

በዚያው ዘመን ግን ዓለም ወደ ሌላ መንገድ እየሄደ ነበር። በ1920ዎቹ የፎርድ መሐንዲስ የነበረው አልፍሬድ ርዜፓ በስድስት ኳሶች የምትሠራ፣ ብትታጠፍም ፍጥነቷ የማይዋዥቅ መጋጠሚያ ሠራ። በ1959 የወጣችው ሚኒ ይህን ዓይነት መጋጠሚያ በርካሽ መኪና ላይ አድርጋ የፊት ጎማዋን ነዳች፤ ዛሬ አብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች የሚሄዱት በዚህ ነው። ቀስ በቀስ ደግሞ የግሪስ ቀዳዳዎች ጠፉ። «ለዕድሜ ልክ የታሸገ» የሚባል ዕቃ መጣ። የማን ዕድሜ ልክ? የዕቃው የራሱ!

ፍርደ ገምድል አልሁን። የታሸገው ብዙ ጥቅም አለው። በየጥቂት ሺህ ማይሉ ከመኪና ሥር የሚተኛ ሰው አያስፈልገውም፤ ግሪስ ማድረግ የሚረሳ ሰው ደግሞ ብዙ ነው፤ የተረሳች የግሪስ ቀዳዳ ከሌለች አትሻልም። የአሁን መኪና በአማካይ ከድሮው ያነሰ ያስቸግራል። ግን ልዋጩን እንወቀው። የድሮው ዕቃ በጥቂት በጥቂቱ እንክብካቤ ይጠይቃል፣ በልዋጩ ይታደሳል። የአሁኑ ምንም አይጠይቅም፣ ሲያበቃ ግን በሙሉው ይጣላል። አብሮትም ያ በእጅ የመለየት ዕውቀት ይጣላል።

በ1996 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አንድ ሰማያዊ ኢ-ታይፕ ከቋሚ ስብስቡ ውስጥ አስገባ። ይገባዋል፣ ውብ ነው። ሙዚየም ውስጥ የቆመ መኪና ክሮቼራው አያልቅም፤ መሪውም መሃሉ አይበላም። ግን አይሄድማ! በእንግሊዝና በአሜሪካ መንገዶች ላይ ዛሬም የሚሄዱት ኢ-ታይፖች ግን በስድሳ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ክሮቼራ ተቀይሮላቸዋል? ስንት ሰው ሥራቸው ተኝቶ ቀላ ያለውን ዱቄት አይቷል? በ1970ዎቹ ብዙዎቹ አሮጌ ተብለው በርካሽ ይሸጡ ነበር፤ ማንም እንደ ቅርስ አይቆጥራቸውም ነበር። ያኔ በየመንደሩ ጋራዥ «ይሠራል፣ አይጣልም» ያለ ሰው ባይኖር ዛሬ የሚደነቅበት መኪና በጣም ጥቂት በሆነ ነበር። ስማቸው የትም አልተጻፈም። የናይት የአምስት ፓውንድ ውርርድ ተጽፏል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ ይኸው፦ ማሽንን የሚፈጥረው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜውን የሚሰጡት ግን ብዙ ናቸው፤ ታሪካቸውም ታሪክ ነው። ፈጣሪው ያለ ጠጋኙ የአንድ ትርኢት ዝና ነው የሚኖረው።

ይህን በተለይ ለቀድሞ ተማሪዎቼ እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ ነገር አለ። ከእናንተ መካከል ጋራዥ የገባችሁ አላችሁ። ሰው ስለ እናንተ ሲያወራ «ውጤት አልመጣለትም፣ ጋራዥ ነው» ሲል እሰማለሁ። ያማል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ስለ ሁክ የተጠየቀና የመለሰ ልጅ ነጥብ አገኘ፤ ጥሩ ነው። የሁክን ሁለት መጋጠሚያ በእጁ አስማምቶ የሚገጥም ልጅ ግን የሁክን ሐሳብ አላወቀም ማለት ነው? ያውቀዋል እንጂ! ስሙን ባይሰማ እንኳ ያውቀዋል። ዘንጉ ሳይንዘር ሲዞር ነው መልሱን የጻፈው። በዚያ ላይ የእሱ ፈተና እርማቱ ከባድ ነው፤ ስህተቱ በቀይ እስክሪብቶ አይታረምም፣ መንገድ ላይ ሰው ይጎዳል።

ወላጆችም፣ ልጃችሁ እጁ ዘይት ነክቶት ሲገባ «ታጠብ» በሉት፣ ተገቢ ነው፤ አንገቱን እንዲደፋ ግን አታድርጉት።

አንድ ልመና ልጨምርና ላብቃ። ክሮቼራ፣ ሴሚያስ፣ ኩሽኔታ፣ ቦኮላ የሚሉት ቃላት በየጋራዡ በአፍ ያሉ ናቸው፤ ከከተማ ከተማም አጠራራቸው ይለያያል። ጋራዥ የምትሠሩ ልጆች፣ በእናንተ አካባቢ የመሪና የእግር ዕቃዎችን ምን ምን እንደምትሏቸው ከታች ጻፉልኝ፤ ያስተማራችሁ ጌታ ምን ይላቸው እንደነበርም ጨምሩበት። እኔ እሰበስበዋለሁ። የጻፈው ስሙ ይቀራል ብለን የለ? እንግዲያው እንጻፈው።

ቸር ሰንብቱ።